ገጽ ሰማንያ ሰባት

ደሴ ላይ አሮጌ መጽሐፍ የት ይገኛል ብለህ ብትጠይቀኝ፣
መንገዱን አልነግርህም፤ አስቀድመህ ቆሎ ጋብዘኝ።

እኔም በቆሎ ነው የደረስሁበት።
ሐምሌ ነው፤ ጦሳ እስከ ወገቡ ጉም ለብሶ፣
ጎርፉ ከፒያሳ ቁልቁል አስፋልቱን ጥሶ፣
ከዘምዘም ላስቲክ ሥር ተጠለልሁ፤
ዝም ብሎ መቆም ነውር ነው፣ የአሥር ብር ሽንብራ ገዛሁ።
ቆርጥሜ ጨርሼ ጥቅልሉን ልጥል ስል፣
ከጨዉ ብናኝ ሥር ፊደል ብቅ ይላል፤
«...ደብዳቤውን ሳትከፍተው፣ ከእሳቱ አስጠግታ»
አለቀ። ከታች ቁጥር፤ ሰማንያ ስምንት።
ገለበጥሁት፤ ሰማንያ ሰባት።
ማን ናት? ከማን ተላከላት?
ዝናቡ አባራ፤ እኔ ግን እዚያው እሳት ዳር ቀረሁ፣
ወረቀቱን በጉልበቴ ላይ እያቃናሁ።

«ዘምዘም፣ ይህን ወረቀት ከየት አመጣሽው?»
«እኔ ደግሞ ጨው በዛ ልትለኝ መስሎኝ ስፈራው!
ከአያ ይመር ነዋ፤ ሰኞ ገበያ፣ ከልዋጮቹ በታች፤
ስሱ ለሱፍ፣ ወፍራሙ ለባቄላ። ማን ያነበዋል፣ መች!»

አያ ይመር ሚዛኑ ላይ የመኪና ማርሽ ጭኖ
ይመዝናል፤ ቅንድቡ በወረቀት ብናኝ ነጭ ሆኖ።
የስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ፣ የቀበሌ የስኳር መዝገብ፣
በቀይ «ጎበዝ!» የተባለ የአንድ ልጅ የቤት ሥራ፣
ሁሉም በአንድ ዋጋ። ወረቀት እንጂ ነገር አይመዘንም።
«ልብ ወለድ? እሱንስ አሰን ቀድሞ ይለቅመዋል፤
ቅዳሜን ጠብቆ መጥቶ፣ ሽፋን አልባውን ይመርጣል።
ጫማ ሰፊው ነው፤ ቧንቧ ውሃ፣ ከእንጨት መጋዘኑ ጥግ፤
አብሽር፣ አታጣውም፤ በሳሉ ፈልግ።»

ሰሌዳ የለው። መደርደሪያ የለው።
ከፊቱ ሶልና ማስቲሽ፣ አፉን የከፈተ ጫማ፤
ከጀርባው ሸራውን ሲገልጠው ግን፣ በዚያች ቁና በማታክል ጨለማ፣
መጻሕፍት! የተገነጠለ ጀርባቸው በቆዳ ተለጥፎ፣
በወስፌ ተወግቶ፣ በሰም በተነከረ ክር ተጠልፎ።
አንዱ ላይ፣ «ለጥሩወርቅ፣ ከአሰብ፣ ነሐሴ ፸፪»፤
አንዱ ላይ ማኅተም፤ «በአሥራ አምስት ቀን ይመለስ»፤
ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ማንም አልጠየቀው እስካሁን ድረስ።

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት፣ ጨው የላሰውን ቅጠል።
መነጽሩን አወረደ። አነበበ። ሳሉ ቆመ፣ እንደ ማዳመጥ ሲል።
ከዚያ እጁን ሰደደ፣ ከታችኛው ረድፍ፣
ርእስም ደራሲም ያልቀረው፣ አንድ ከሲታ መጽሐፍ።
ከሰማንያ ስድስት ዘሎ ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ያርፋል፤
«አሞቀችውና መልሳ ከጉያዋ ከተተችው» ይላል።
«ሰባት ወር!» አለኝ፤ «ምን እንዳሞቀች ሳላውቅ፣ ሰባት ወር!
ወላሂ፣ ዳቦ መስሎኝ ነበር።»

ማስቲሽ ቀብቶ ቅጠሏን ከቦታዋ መለሳት፤
መዶሻውን ጭኖ እስክትይዝ ጠበቃት።
«ስንት ነው?» አልሁ።
«አይሸጥም። ከሁለት መቶ አሥር ወዲያ የለውም፤
ጭራውን ያመጣ ይወስደዋል፤ ብር አልቀበልም።»

ይኸው ክረምቱ ወጥቶ በጋው ገባ፤ ቆሎ እበላለሁ።
ጥርሴን ያመኛል፤ እበላለሁ።
ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ሐይቅ ድረስ ሄጄ፣
የማላውቀው ሰው እጅ ላይ ጥቅልል ሳይ ከአጠገቡ ሰግጄ
«ጨርሰሃል?» እላለሁ።
አንተም ከመጣህ አደራ፤ ጨብጠህ አትጣለው፣ አቃናው።

ዘምዘም ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥር ላይ ግን ማን ደርሶባት!
ስትጠቀልልልኝ ጥጉን ገለጥ አድርጋ ታያለች፣ ከመስጠቷ በፊት፤
«ሁለት መቶ አሥራ አንድ አይደለም» ትለኛለች፤
አዝና፣ አንድ ጭብጥ ትመርቅልኛለች።